ለቦራ የተጣለው ድንኳን

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሁለት መቶ ጆንያ ለዘፈን! እህል ልከትበት፣ ከሰል ልሙላበት፣ የሚያፈስ ጣሪያ ላልብስበት ብሎ የመጣ ሰው ብዙ አስተናግጃለሁ። ልዘፍንበት ነው የሚል ደንበኛ ግን ዛሬ ገና አገኘሁ።

ደረጀ ይባላል። ውጭ አገር ሙዚቃ ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ልጅ። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ኦፔራ እያዘጋጀ ነው አለኝ። ኦፔራ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ቲያትር ሆኖ ንግግሩ ሁሉ በዜማ ነው አለ።

«ውኃ የጠማው ሰውም ውኃ ስጡኝ ሲል ይዘፍናል?»

«ይዘፍናል፣ እትዬ ወለቴ።»

«የሚሰጠውስ?»

«እሱም እየዘፈነ ይሰጠዋል።»

«እስኪጨርሱ ሰውየው በጥም አይሞትም?»

ሳቀ። ልጁን ወደድኩት፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም። ነጋዴ ገዢውን ቶሎ ከወደደ ዋጋው ይወርዳል።

ነገሩ ስለ ሰው ልጅ ፍልሰት ነው አለ። ጥንት አውሬ እየተከተለ አገር ካቋረጠው ሰው ይጀምርና፣ በሲራራ ነጋዴው በኩል አልፎ፣ እስከ አሁኑ ድርቅ ይደርሳል። መድረኩ ላይ ከመቶ ሰው በላይ ይወጣል። ጆንያው ተራራም ይሆናል፣ ሸክምም ይሆናል፣ ልብስም ይሆናል። እሑድ ይታያል፤ ትልልቅ ሰዎች ተጠርተዋል። ነገ ና፣ አስብበታለሁ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በሰፈሩ ዞረ። ከድርቅ አካባቢ መጥቶ መታወቂያ የሌለው ሁሉ በሚመጣው ሰኞ ቀበሌ ቀርቦ ለሰፈራ ይመዝገብ። ቤቱ ያስጠጋም ያቅርብ።

ጓሮ ጆንያ እየሰፋች የነበረችው ዘሃራ መርፌዋን አቆመች። ማጉያው ወደ ሰንጋ ተራ በኩል ርቆ ሲሄድ ነው ቀና ያለችው።

«እትዬ፣ እኔ ከዚህ ከሄድኩ ሰይድ ሲመጣ ማንን ይጠይቃል?»

ሻይ ቀዳሁላት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሌሊቱን ሳስብ ስለነበር ነገሩን እዚህ በቅደም ተከተል ላስፍረው።

የዘሃራ ባል ሰይድ በየበጋው ከወሎ እየመጣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እኔ ሱቅ ጆንያ ይሸከም ነበር። ክረምት ሲገባ ወደ እርሻው ይመለሳል። እንደሱ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም። ድርቁ ሲመጣ ባልና ሚስቱ አገራቸውን ለቀው መጠለያ ገቡ። አንድ ቀን እሷ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ስትመለስ እሱን የሰፈራ መኪና ላይ ጭነውታል፤ መኪናው ተነሥቷል። ከላይ ሆኖ የጮኸላት «ልደታ! ወለቴ ዘንድ!» ብሎ ነው። ሌላ ቃል አልሰማችም። እሷም በእግርም በጭነት መኪናም ብላ፣ ሰው እየጠየቀች ደጄ ደረሰች። ዓመት ሊሆናት ነው። ቀን ከግቢ አትወጣም። ሰይድ የት እንዳሰፈሩት አናውቅም። እሱ ግን እሷ የት እንዳለች ያውቃል፤ ያላቸው ነገር ይህ ብቻ ነው። እሷን ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ከወሰዷት ያም ያበቃል።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ሴትዮዋ እኔ ጋ ሥራ አላት፣ ማደሪያ አላት። ማንም ላይ አልከበደችም» አልኩት።

«መታወቂያ አላት?»

«የመጣሁት እሱን ልጠይቅ ነው።»

«መታወቂያ ለነዋሪ ነው የሚሰጠው፣ እትዬ ወለቴ።»

«ነዋሪ ለመሆንስ ምን ያስፈልጋል?»

«መታወቂያ።»

እሱም ያለው ነገር ለራሱ ሳይሰማው አልቀረም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የሚመጣበትን ይፈራል። ልወጣ ስል አንድ ነገር ጣል አደረገልኝ፤ የኪነት አባል የሆነ ሰው ለሰፈራ አይነካም አለ።

ደረጀ በቀጠሮው ቤት መጣ። ኪራይ አልፈልግም፣ ጆንያውን እንዳለ ውሰድ፣ አንዲት ሴት ብቻ ከአባላቱ ጋር መዝግብልኝ አልኩት። ትዘፍናለች ወይ አለ። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነው። ያኔ ከጓሮ የዘሃራ እንጉርጉሮ መጣ። ሥራ ላይ ስትሆን እንዲህ ታደርጋለች፤ እኔ ጆሮዬ ስለለመደው ከሰፈሩ ወፍጮ ድምፅ ለይቼ አልሰማውም። ልጁ ግን እጁ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የሙሾ ክፍል አለኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ልጃገረዶቹ ሲያለቅሱ ሙሽራ የሚሸኙ ነው የሚመስሉት። እሷ ታልቅስልኝ!»

ዘሃራ እምቢ አለች። ምን ቁርጥ ያለ እምቢ!

«ሰው ሳይሞት ሙሾ አላወርድም። ሰይድ በሕይወት አለ። ሟርት ነው።»

«ለሰይድ አይደለም፣ ለቲያትሩ ነው» ቢላት ደረጀ፣

«አፌ ቲያትሩን አያውቅም። አፌ የሚያውቀው ሰይድን ነው» አለችው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጆንያውን ግን ጭኖ ነው። እኔም ተናድጄ እራቴን አልበላሁም። ግን ልክ ናት። እኔም ብሆን አላደርገውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ተመስገን፣ ዛሬ ነገሩ ፈቀቅ አለ።

ሱቅ ልከፍት ስነሣ ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሌሊቱን እሷም አልተኛችም።

«ለቦራ አለቅሳለሁ» አለች።

ቦራ በሬዋ ነው። ወደ መጠለያው ሲሄዱ መንገድ ላይ ተኛ፤ አልተነሣም። ሰይድ ከአንገቱ ገመዱን ፈታለት። ፀሐይ እስክትጠልቅ አጠገቡ ተቀምጠው ከዚያ ሄዱ። ማልቀስ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያን ቀን አልነበረንም አለችኝ።

«እሱ እንደሞተ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሱ ባለቅስ ማንንም አልጎዳም።»

ለደረጀ ስነግረው ለመደሰቱ ልክ አልነበረውም። ለበሬ ይሁን፣ ለጥጃ ይሁን ግድ የለውም፤ ሰሚው አያውቅም፣ ድምፅዋ ነው የሚፈለገው አለ። እኔ ግን ይሄ ልጅ ቶሎ ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ስለማውቅ ሁለት ነገር አስጠነቀቅኩት። አንደኛ፣ ስሟን ዛሬውኑ ጻፍ። ሁለተኛ፣ የምትለማመዱበት አዳራሽ ቀበሌ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጥበቃዎቹ በር ላይ ያስቀሯታል፤ ልምምዱ እኔ ግቢ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት ተባባልን።

ማምሻውን ሌላ ጉድ ሰማሁ። ጆንያውን ስሰጥ የእህሉን ለብቻ፣ የበርበሬውን ለብቻ አስሬ ነበር። ልጆቹ ፈትተው ቀላቀሉት። የጥንቱ ሰው በርበሬ የነበረበትን ጆንያ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣና ኦፔራው በሙሉ አነጠሰ አሉ። ደረጀ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«ጆንያ ሳታሸት ትለብሳለህ ብዬ መቼ ገመትኩ?»

የበርበሬው ተራራ ይሁን አልኩት። ተራራ አያስነጥስም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሥራ ቀዝቃዛ። አንድ የአብነት ሰፈር ከሰል ነጋዴ ብቻ መጣ።

ሦስት ጭንቀት አለኝ። ደረጀ ስሟን ጽፏል፤ ዝርዝሩ ግን ሊቀመንበሩ ካልፈረመበት ዋጋ የለውም። ሊቀመንበሩ ደግሞ «ቀድሞ ያልነበረ ስም ከየት መጣ? እስኪ አያለሁ» ብሎ ጠረጴዛው ውስጥ ከትቶታል። ቀኑም እየሄደ ነው። ዘሃራ ምሳ አልበላችም።

የጽጌ ጾም ዛሬ ያበቃል። ነገ ቁስቋም ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በረሃ ለበረሃ የተንከራተተችበትን አስቤ ትንሽ ቆየሁ። እሷም እኮ መታወቂያ አልነበራትም። ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

እኔም ብሆን ከጉራጌ አገር የመጣሁት ባሌን ተከትዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። እዚህ ግቢ ያስጠጉን ሰዎች ዛሬ የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ማን ነሽ ብለው አልጠየቁኝም፤ ምን ትሠሪያለሽ ብለው ነው የጠየቁኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6 (ቁስቋም)

እንደሆነው ልጻፍ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ከሰዓት ደረጀ ከሴቶቹ ዘፋኞች ጋር መጣ። ዘሃራን መሐል አስቀመጧት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ለገበያ የቀረኝን ጆንያ ልለይ መጋዘን ገባሁ። ከዚያ ጀመረች።

ሞፈሩም ተሰቅሏል፣ ቀንበሩም ቆሟል፣
የቤቴ ምሰሶ ሜዳ ላይ ወድቋል።

ሴቶቹ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ተቀበሏት። እኔም እጄ ላይ የነበረውን ጆንያ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ውጭ የጥሩምባ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሌላ ሰፈር ሰው ሞቷል ብዬ አማተብኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ስወጣ ግቢዬ ሰው ሞልቷል።

የእድራችን ለፋፊ የጋሽ ባልቻ ቤት ከግንቡ ወዲያ ነው። የዘሃራ ድምፅ ዓመት ሙሉ ከግንቡ ተሻግሮ አያውቅም። ድንገት እንዲያ ስትጮህ ምን ያስቡ? የሰይድ መርዶ መጣ! ጥሩምባቸውን ነፉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወንዶቹ ድንኳኑን ከእድሩ ዕቃ ቤት ተሸክመው መጡና እኔ ጆንያ ስለይ ተከሉት። አግዳሚው ገብቷል። አንዷ ንፍሮ ጥዳለች። ሰይድን የሚያውቁት ተሸካሚዎች ጥግ ላይ ያለቅሳሉ።

ደረጀ የት አለ ብትሉኝ፣ ምሰሶ ተደግፎ እንባው ይወርዳል። ሕዝቡ ሊመለከት የመጣ መስሎታል።

ዘሃራ ዓይኗን አልገለጠችም። ሰው ሲበዛባት ዘፋኞቹ ናቸው ብላለች።

አስቆማቸዋለሁ ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ሊቀመንበሩ በግቢው በር ገባ። እሱም የእድሩ አባል ነው፤ ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ አባል ይቀጣል። ኮፍያውን አውልቋል። ሰው ቦታ ለቀቀለት። እግሬን መልሼ አሳረፍኩ።

አዎ፣ አስቤበት ነው። ምን ሊል እንደሚችል ገምቻለሁ። አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት።

ሊቀመንበሩ ቁጭ አላለም። እንደ ወጉ ቆሞ አጽናና።

«ጎረቤቶቼ» አለ፣ «ሰይድ በዚህ ሰፈር ጀርባው እስኪላጥ የሠራ ሰው ነበር። ሚስቱ እንግዳ ሆና መጣች። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለችም። የዚህ ቀበሌ ልጅ ናት፤ ከዚህ ማንም አያንቀሳቅሳትም።»

«እደግ! ተመንደግ!» አሉት ሽማግሌዎቹ።

ከዚያ ጎረቤታችን ሐጂ ሙስጠፋ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «ሰይድን አላህ ይማረው» ከማለታቸው ዘሃራ ዓይኗን ገለጠች። ብድግ አለች።

«ኧረ አይሆንም! ሰይድ አልሞተም! አይበሉ፣ ሐጂ፣ አይበሉ! በሬዬ ነው! ቦራ ነው የሞተው!»

ንፍሮው ሲፈላ ይሰማል።

«እኔ ለበሬ ነው ጥሩምባ የነፋሁት?» አሉ ጋሽ ባልቻ።

አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ። ተሸካሚዎቹ እንባቸውን ሳይጠርጉ እየሳቁ «ሰይድ አለ! አለ እኮ!» ተባባሉ። ሐጂም ዱዓቸውን መልሰው ለሰይድ በሰላም መምጣት አደረጉት። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም። እኔን አየኝ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ንፍሮውን በላን። ዓርብ ጾም ነው፤ ንፍሮም የጾም ስለሆነ ምንም የሚጣል አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ሳይጠራኝ ሄድኩ። የሚጠራኝ ሰው ፊት ከምቀርብ ራሴ ብሄድ ይሻላል።

«አሞኙኝ፣ እትዬ ወለቴ።»

«እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።»

«እሱን ነው የምለው!»

ተቀመጥኩ። ብዙ ሲያወራ ቆየ። የሚመለከተው አካል ቢሰማ፣ ለምን ለአንዷ ቢባል፣ በሬ ቢባል። አላቋረጥኩትም። ሲደክመው እንዲህ አልኩት፤

«ቃልዎን ይመልሱ። መብትዎ ነው። ነገ በዚያው ድንኳን ውስጥ ቆመው ሰው ሲያጽናኑ ግን ማን ያምንዎታል?»

ባለፈው ዓመት እናቱን የቀበርነው እኛ ነን። ያን ጊዜ የቆመው ድንኳን ይኸው ራሱ ነው። ይህን አልጠቀስኩለትም፤ ራሱ እያሰበው እንደሆነ ከፊቱ አየሁ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ።

«ነገ ከከፍተኛም ከበላይም ሰዎች ይመጣሉ» አለ። «በደንብ ትጫወት። ማን ናት ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ይኑረኝ። ጉርድ ፎቶ ታምጣ።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ፎቶ ቤቱ አብነት ነው። ዘሃራን እኔ በቀኝ፣ ጋሽ ባልቻ በግራ ሆነን ወሰድናት። ጋሽ ባልቻ መንገዱን ሁሉ አኩርፈው ነበር። በሬው ስንት ዓመቱ ነበር ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። መልኩስ? ግንባሩ ላይ ነጭ ነበር አለች። ቀንዱስ? እንዲህ እያሉ ፎቶ ቤት ስንደርስ «ይሁን፤ ጥሩ በሬ ነበር፤ ጥሩምባዬን አልቆጭበትም» አሉ።

ፎቶ አንሺው ቀና በይ፣ አትተንፍሺ አላት። እስኪያነሣት ብቻ ሳይሆን ሒሳብ እስክከፍል ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ኦፔራው ከታየበት ከከተማው ትልቅ አዳራሽ አሁን መግባቴ ነው። የእድሩ ሰው ግማሹ መጥቷል፤ በውይይት ታክሲ ተጠቅጥቀን ሄድን።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሰለቸኝ። የጥንቱ ሰው አውሬውን ተከትሎ ለመሄድ ወሰነ፤ ለመወሰን ግን ብዙ ዘፈነ። ሲራራ ነጋዴው ሲመጣ ነቃሁ። የጭነቱ አጫጫን ልክ አልነበረም፤ እንደዚያ የተጫነ በቅሎ አንድ ወንዝ አይሻገርም። ከዚያ ግን መብራቱ ደበዘዘና ያ ሁሉ ሰው፣ ከመቶ በላይ፣ የእኔን ጆንያ ለብሶ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር ዝም ብሎ መራመድ ጀመረ። ዘፈን የለም፤ እግር ብቻ። ጆንያ መሆኑን ረሳሁት። አገሬን አየሁ፤ መንገዱን አየሁ፤ ባሌን ከፊቴ ሲሄድ አየሁ።

ዘሃራ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ሸክም አለ። መሐል ላይ ቆመች። ሙዚቃው መግቢያዋን ተጫወተላት፤ ዝም አለች። ደረጀ እጁን አዙሮ አስደገመላት፤ ዝም። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ከትልልቆቹ ጎን ተቀምጦ አንገቱ በላብ ሲርስ ይታየኛል። እኔም አለቀ ብዬ ነበር።

ሸክሟን አወረደች። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ከዚያ ጀመረች፣ ዝግ ብላ፤ ለእንግዶቹ ሳይሆን ለዚያ ሸክም።

«የቤቴ ምሰሶ» ስትል ከኋላዬ የእድሩ ሴቶች «ወይኔ!» አሏት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከዓርብ ጀምሮ ያውቁታል። ከነሱ ኋላ ያሉት ተቀበሉ። ከዚያ ላይኛው ፎቅ። ትልልቆቹ ሰዎች ዞረው አዩ። አንደኛው መነጽሩን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ሊቀመንበሩን አንድ ነገር ጠየቀው።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ሊቀመንበሩን ምን አሉዎት ብዬ ጠየቅኩት።

«ማን ናት አሉኝ።»

«ምን አልክ?» አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም አላስተዋለም።

«የቀበሌዬ ልጅ ናት አልኳቸው።» ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። ይኩራ። የራሱ ሥራ ነው።

የኦፔራው መጨረሻ ትራክተር ነው። ትራክተሩ ካርቶን ነው። ተጓዦቹ ሁሉ ለምለም አገር ደርሰው እየጨፈሩ ተዘጋ። ያን ክፍል ጨምር ብለውኝ እንጂ እኔ አልጻፍኩትም አለኝ ደረጀ፣ ማንም እንዳይሰማው ዙሪያውን አይቶ።

ዘሃራ ግን ያን ክፍል ነው በጣም የወደደችው።

«ሁሉም ደረሱ አይደል?» አለችው።

«ደረሱ።»

«መንገድ የቀረ የለም?»

ደረጀ ትንሽ አሰበ። «ቦራ ብቻ» አላት።

ሳቀች። እኔ ዘንድ ከመጣች ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ምዝገባው ነበር። ቀበሌው ፊት ለፊት ሰልፉ ገና በጠዋት ታጥፎ ነበር። ትንንሽ ዕቃቸውን ይዘው፣ አንዳንዱ ልጁን አዝሎ። ባለፈው ሳምንት ከሰል ያወረደልኝን ሰውዬ አየሁት፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ሁሉም ሙሾ የሚችሉ አልነበሩም። ምስጋናዬ ይህን አያስረሳኝ ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔና ዘሃራ በዚያ ሰልፍ አጠገብ አልፈን ገባን። ቀና ብለን ማየት ከብዶን ነበር። ሊቀመንበሩ ራሱ ማኅተሙን መታ። መታወቂያዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። የቤት ቁጥሩ የእኔ ነው።

«ይኸው» አላት ሊቀመንበሩ፤ ቀጥሎም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ሌላ በሬ የለሽም?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ጎሽ።»

ሱቅ ቆይቼ ከሰዓት ቤት ስገባ ዘሃራ የለችም። ብቻዋን ወጥታ ስለማታውቅ ደነገጥኩ። ጋሽ ባልቻ ቲማቲም ልገዛ ብላ ወጥታለች አሉኝ። ቲማቲሙ የሚሸጠው እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው። ጠበቅኩ። አስር ሰዓት አለፈ። አስራ አንድ ሆነ። ማኅተሙ በትክክል ተመትቷል? ጥበቃዎቹ ያውቋታል? የሰፈራው መኪኖች እኮ ገና አልተነሡም። ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ስል በሩ ተከፈተ።

«የት ጠፋሽ?»

«ጥበቃዎቹ አስቆሙኝ፣ እትዬ።»

እጇን ይዤ ወደ ውስጥ ሳብኳት።

«መታወቂያ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ፎቶዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። 'እለፊ፣ እህቴ' አሉኝ።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። ያፈረች መሰለች።

«ዞሬ በዚያው መጣሁ፤ ደግመው እንዲጠይቁኝ።»

ስንት ጊዜ እንደዞረች አልጠየቅኳትም። ሰይድ የት እንዳለ ዛሬም አናውቅም፤ ነገም ላናውቅ እንችላለን። ቲማቲሙን ተቀበልኳት። ሰፈሩን ሁሉ ስትዞርበት ውላ ለስልሷል። ለወጥ ይሆናል። ተመስገን።